መፍቻ አቀባይዋ

«እህቴማ ታግዘኛለች፤ መፍቻ ታቀብለኛለች» አለ ወንድሟ በስልክ።

ጉልቤ ፊቷን ታጥባ ከመታጠቢያ ቤት ስትወጣ ነው ቃሉ ኮሪደሩ ላይ የደረሳት። ፎጣውን አገጯ ላይ እንደያዘች ባለችበት ቀረች። የሳሎኑ በር ገርበብ ብሏል፤ ቢዘጋም ለውጥ አልነበረውም፣ ወንድሟ በስልክ ሲያወራ ሰፈሩን ሁሉ ስብሰባ የጠራ ነው የሚመስለው። የሣር ማጨጃውን ሞተር ራሱ እየገጠመ እንደሆነ፣ እስከ አስር ሰዓት አልቆ ሲሠራ መጥተው እንዲያዩት፣ የዓመቱን ውልም እዚያው ለመፈረም ዝግጁ መሆኑን ተናገረ። ከወዲያ በኩል ያለው ሰው የትምህርት ቤቱ አዲስ አስተዳዳሪ መሆኑን ለማወቅ ጠንቋይ መቀለብ አያስፈልግም። «የቤታችን ሙያ ነው ጌታዬ፤ ከአባቴ ነው የወረስኩት» አለና ሳቀ። ደሟን ያፈላው ሳቁ ነው። ውሸቱንስ ለምዳዋለች።

ከአባቱ የወረሰው ነገር ቢኖር አፍንጫቸውን ነው። ተቀምጠው የሚነዱት ያ አሮጌ ማጨጃ የትምህርት ቤቱን የኳስ ሜዳ ሲያጭድ ሃያ ሁለት ዓመት ሆኖታል። አስራ አራቱን ዓመት አባቷ ነድተውታል፤ ግራ ጎናቸውን በሽታ ከያዘው ወዲህ ያለውን ስምንት ዓመት ደግሞ እሷ። ወንድሟ ማሽኑ ላይ የወጣው ሁለቴ ነው፤ ሁለቴም ለፎቶ። ቢሆንም ቤት ውስጥ «ኢንጂነሩ» የሚባለው እሱ ነው። ትምህርቱን ሁለተኛ ዓመት ላይ አቋርጦ የአንድ ድርጅት ግምጃ ቤት ጸሐፊ ከሆነ በኋላም ስሙ አልቀረበትም። እሷ በአስራ ሁለት ዓመቷ የመኪና ጎማ ብቻዋን ስላነሳች «ጉልቤ» ተባለች። ሁለቱንም ማዕረግ ያደለችው እናታቸው ናት። አንደኛው ወንበር፣ ሌላኛው ሸክም የሚያስከትል ማዕረግ መሆኑ ለጉልቤ የተገለጠላት ሠላሳ ዓመት ካለፋት በኋላ ነው።

ኩሽና ገባች። እናቷ ሽንኩርት ትከትፋለች። ሰምተሽዋል ወይ ብላ ብትጠይቃት እናቷ ከመክተፊያው ቀና አላለችም፤ በዚያው ነገሩ ዛሬ ጠዋት እንዳልተጀመረ ለጉልቤ ገባት። አዲሱ አስተዳዳሪ ገና ወጣት ነው አለቻት፤ ሰው አያውቅም፣ ሞተር የምትገጥመው ሴት ናት ቢባል ስቆ ሥራውን ለሌላ ይሰጣል። በወንድምሽ ስም ቢፈረም ምን ይጎድልብሻል? ሣሩን የምታጭጂው እንደሆነ አንቺው ነሽ። ቤቱ እንደሆነ አንድ ነው። «አሁን ደግሞ ነገር አታንሺ፣ ዝም አይነቅዝም» አለችና ሽንኩርቱን ድስት ውስጥ ገለበጠችው።

ቤቱ አንድ ነው! ጉልቤ ይህን ቃል ስትሰማ ነው ያረጀችው። ቤቱ አንድ የሚሆነው ከእሷ የሚወሰድ ነገር ሲኖር ነው፤ የሚሰጣት ሲሆን በየክፍሉ ባለቤት ይወጣለታል። የቀድሞው አስተዳዳሪ ውሉን በየዓመቱ በእሷ ስም ነበር የሚጽፈው። ዘበኛው ሜዳውን «ሜዳሽ» የሚላት፣ የስፖርት መምህሩ ጨዋታ ሲኖር ቀድሞ የሚያማክራት በዚያ ወረቀት ነው። ዛሬ ስሟ ከወረቀቱ ከወጣ በገዛ ሥራዋ የወንድሟ የቀን ሠራተኛ መሆኗ ነው፤ ባሻው ቀን አንቺ ዕረፊ ብሎ ሌላ ነጂ ቢያስቀምጥ ከልካይ የለውም። ሰማይ ምድሩን ልትቀውጠው አፏን ከፈተች። ከዚያ «አባዬ አሉልኝ» አለችና ዋጠችው። አስተዳዳሪው ሲመጣ አባቷ እዚያው ይሆናሉ፤ ማን ምን እንደሠራ ከሳቸው በላይ የሚያውቅ የለም፣ በዚህ ቤት ደግሞ የሳቸው ቃል መሬት አይወድቅም። በሽታው እግርና እጃቸውን እንጂ አንደበታቸውን አልነካም።

ማጨጃው ጓሮ፣ በውሃ ማጠራቀሚያውና በልብስ ማስጫው ገመድ መካከል፣ ቆርቆሮ ጥላ ሥር ቆሟል። የፊት ክዳኑ ተነስቶ ግድግዳ ተደግፏል፤ መቀመጫው ሁለት ቦታ ተቀዶ በጆንያ ክር ተሰፍቷል። አሮጌው ሞተር ከአምስት ሳምንት በፊት ሜዳው መሃል ላይ የውስጥ ዘንጉ ተሰብሮ ሆዱን ቀዶ ወጣ፤ ያንን ማንም አያድነውም። አዲሱ፣ አዲስ ከተባለ፣ ዋና ብረቱ፣ ሻንሲው፣ ዝጎ ከተጣለ የአንድ ሆቴል ማጨጃ ላይ የተነሳ ነው። ጉልቤ አራት እሁድ የሆቴሉን የውሃ ፓምፖች ፈታታ ገጠመችና በድካሟ ምትክ ሞተሩን ተቀበለች። ከሆቴሉ እስከ ቤት በእጅ ጋሪ የገፋችው ራሷ ናት። ወንድሟ በዚያ ቀን ቤት ነበር፤ በር ከፍቶላታል።

ሞተሩ የሚቀመጥበት ብረት ላይ አራት የብሎን ቀዳዳዎች አሉ። ሦስቱ ገጠሙ፤ አራተኛው በግማሽ ጣት ሳተ። በሚስማር ጭራ ምልክት አድርጋ አዲስ ቀዳዳ ልትበሳ ተንበረከከች። መሰርሰሪያው ደንዟል፣ ብረቱ ወፍራም ነው፤ በደህና ቀን ቢሆን እየሳበች፣ እያቀዘቀዘች፣ በትዕግሥት ነበር የምትበሳው። ዛሬ በደረቷ ተጫነችው። «መፍቻ ታቀብለኛለች» ትላለች በጥርሷ መሃል፣ ብረቱ ይጮሃል፣ ጭስ ይወጣል፣ እንደገና ትጫነዋለች። ቀዳዳው በወትሮው ግማሽ ጊዜ አለቀ። ሁለተኛው ጣጣ ከሥር ነው። ቺንጊያውን፣ የላስቲክ ቀበቶውን፣ የሚያዞረው ክብ ፑሌጋ የሚታሰርበት የሞተሩ ዘንግ እንደ አሮጌው አይደለም፤ ፑሌጋው ወደ ላይ ሽቅብ ይሰቀልና ቺንጊያው ሻንሲውን ይፍቃል። እንዲህ ቢተው ሁለት ቀን ሠርቶ ይበጠሳል። ከአሮጌ የውሃ ቧንቧ አንድ ጣት የሚያህል ቀለበት ቆረጠች፤ ዳርና ዳሩን በሞረድ እኩል እስኪሆን ስትሞርድ አንድ ሰዓት ሄደ። ከዚያ በጀርባዋ ተኝታ ማሽኑ ሥር ገባች፣ ቀለበቱን ከፑሌጋው በላይ አስገብታ አጠበቀች። ቺንጊያውን በእጇ ስታዞረው የትም ሳይነካ ዞረ። በሌላ ቀን ቢሆን ትስቅ ነበር።

አባቷ ከጓሮ ወደ ውጭ በር በሚያወጣው ጠባብ መተላለፊያ አፍ ላይ፣ ክንድ ማስደገፊያ ባለው ወንበራቸው ተቀምጠው ያያሉ። ሲሠሩ አይነጋገሩም። እሳቸው በከዘራቸው መሬቱን ሁለቴ ኳ ኳ ያደርጋሉ፤ እሷ ቀና ትላለች፤ እሳቸው ወደሚያዩበት ታያለች፤ ስህተቱ እዚያ ይገኛል። ዛሬም የጭስ ማውጫውን ማርሚታ አስራ ስታበቃ ኳ ኳ አለ። ቀና ስትል ዓይናቸው የነዳጁ ቱቦ ላይ ነው። የአዲሱ ሞተር ጭስ ማውጫ በአሮጌው ተቃራኒ በኩል ስለሚወጣ ቱቦው ከትኩሱ ብረት አጠገብ ያልፋል፤ በአንድ ሳምንት ይቀልጥና እሳት ይሆናል። ፈትታ በሌላው ጎን አዞረችው። እሳቸውም ራሳቸውን ነቀነቁ። ያን ጊዜ ነው ጉልቤ እጇን በቱታዋ እየጠረገች የጠጋቻቸው። ጠዋት የተባለውን ሰምተዋል አይደል አለቻቸው። አባቷ ሞተሩን አዩ እንጂ እሷን አላዩም።

«ሥራሽን ጨርሺ» አሉ።

ጨርሺና የሚሆነውን ታያለሽ ማለታቸው ነው ብላ ወሰደችው። ልቧ ትንሽ ረጋ።

ከምሳ በኋላ ወንድሟ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ፣ ሽቶ ተቀብቶ ጓሮ ብቅ አለ። ጫማውን ዘይት እንዳይነካው ከሩቅ ቆሞ ስልኩን አወጣ። ስንት የፈረስ ጉልበት ነው? ስንት ሊትር ዘይት ይይዛል? ይቺ ከቧንቧ የቆረጥሻት ነገር ምን ትባላለች? እየጠየቀ ይጽፋል፤ ተማሪ ሳለ እንዲህ ቢጽፍ ኖሮ ዛሬ እውነትም ኢንጂነር ይሆን ነበር። ጉልቤ አንድ በአንድ መለሰችለት። ለምን እንደመለሰችለት ራሷም አታውቅም፤ በዚህ ቤት የተጠየቀችውን መመለስ፣ የተጠራችበት መሄድ እንደ ትንፋሽ ሆኖባታል። ሄዶ ሲያበቃ ነው ያደረገችው የገባት። በገዛ አፏ አስጠንታዋለች። መፍቻውን ከመሬት አንስታ ግድግዳው ላይ ወረወረችው፤ ልስኑን ላጠው። ሄዳ አነሳችው።

የሽቦውን ነገር፣ የባትሪውን፣ የነዳጅ መስጫውን ገመድ ስታስተካክል ዘጠኝ ሰዓት አለፈ። የቀረው ዘይት ብቻ ነው። ከሌላ ማሽን የመጣ ሞተር አሮጌ ዘይቱ ይፈስና ንጹሕ ይጨመርበታል፤ በመካከሉ ያለችው ጊዜ ናት አደገኛዋ፣ ባዶ ሆዱን የተነሳ ሞተር ራሱን በራሱ ይበላል። ለዚህ አባቷ ያወጡት ሕግ አለ። ዘይት የሌለው ማሽን መሪው ላይ ቀይ ጨርቅ ይታሰርበታል፤ ያሰረው ሰው ካልሆነ ማንም አይፈታውም። ሕጉ ከእሷ ዕድሜ ጋር እኩያ ነው፤ እናቷ እንኳ ልብስ ስታሰጣ ቀይ ጨርቅ ካየች ወደ ማሽኑ አትጠጋም። ጉልቤ አሮጌውን ዘይት አፍስሳ፣ ጨርቁን አስራ፣ አዲሱን ዘይት ልትከፍት ስትል በሩ ተንኳኳ። ዘጠኝ ተኩል ነው። አስተዳዳሪው ግማሽ ሰዓት ቀድሞ መጥቷል።

እናቷ እየተጣደፈች መጣች። ሻይ አፍዪ፣ ይህን ቱታ አውልቂ፣ እንግዳ ፊት እንዲህ ሆነሽ ልትቆሚ ነው? ጉልቤ አምስት ደቂቃ ስጪኝ፣ ዘይት ልጨምር ነው አለች። ወንድምሽ አለ አይደል እንዴ አለች እናቷ፤ ክንዷንም ያዘች። ጉልቤ አባቷን አየች። አባቷ ወደ መጣው ሰው እያዩ ነበር። ጨርቁን አንድ ቋጠሮ ደገመችበትና ሄደች። ከእነሱ ጋር ሠላሳ አምስት ዓመት ኖራ፣ ቋጠሮ ያከብራሉ ብላ ማመኗ የእሷ ጥፋት ነው።

ማንቆርቆሪያውን ጥዳ ሲኒዎቹን እያለቀለቀች ሳለ ሞተሩ ሲነሳ ሰማች። በመጀመሪያው ቁልፍ! ሳል የለ፣ መንገራገጭ የለ፣ ድምፁ ወጥ ነው። አራት እሁድ፣ አምስት ሳምንት፣ አንድ የተረገመ ቀዳዳ፤ ይኸው ተነሳ። ለአንዲት ትንፋሽ ያህል ፊቷ በራ። ከዚያ ዘይቱ ትዝ አላት፤ ሲኒው ከእጇ ወደቀ። በባዶ እግሯ ጓሮውን ተሻግራ፣ አስተዳዳሪውን በትከሻዋ ገፍታ፣ ቁልፉን አዞረችው። ሞተሩ ጸጥ አለ። ወንድሟ መቀመጫው ላይ ነው፤ ሱሪውን እንዳያቆሽሽ መቀመጫውን የጠረገበት ቀይ ጨርቅ በእጁ ላይ አለ።

«ዘይት የለውም» አለች፣ ትንፋሿ እየተቆራረጠ።

ወንድሟ አንዴ እሷን፣ አንዴ አስተዳዳሪውን አየ። ከዚያ ሳቅ አለና፣ ይኸው ነው እንግዲህ፣ ዘይት ጨምሪበት ብዬ አዝዣት ረስታ ነው አለ። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ። እናቷ በበሩ ቆማ መሬት መሬት ታያለች። አስተዳዳሪው ክፉ ሰው አይመስልም፤ ስስ አቃፊ ይዞ፣ እስክሪብቶውን ከፍቶ፣ ግራ ገብቶት ቆሟል። እንግዲህ ውሉ ላይ የባለሙያው ስም ስለሚጻፍ፣ ለማሽኑም ኃላፊ የሚሆነው እሱ ስለሆነ፣ ሞተሩን የገጠመው ማን እንደሆነ በትክክል ማወቅ አለብኝ አለ። ጥያቄውን ያቀረበው በዕድሜ ለሚበልጠው፣ ለአባቷ ነው።

ጉልቤም ወደ አባቷ ዞረች። እስካሁን ሁሉንም የቻለችው ለዚህች ደቂቃ ነው። አባቷ በልጃቸው እጅ ያለውን ጨርቅ አዩት፤ ማን እንደፈታው፣ መፍታቱ ምን ማለት እንደሆነ አልጠፋቸውም። ከዘራቸውን ከአንድ ጉልበታቸው ወደ ሌላው አዛወሩ።

«ወንዱ ልጄ ነው የገጠመው» አሉ። «እሷ ትረዳዋለች።»

ሥራሽን ጨርሺ ያሏት ለምን እንደሆነ አሁን ገባት። ሦስቱም መክረውበት ነበር፤ ምናልባት ትናንት፣ ምናልባት ሞተሩን በጋሪ ስትገፋ። ጩኸት ይመጣብኛል ብላ ጠበቀች፤ አልመጣም። ንዴቱ ከጉሮሮዋ ወርዶ እጆቿ ውስጥ ገባ፣ እጆቿም ምን እንደሚሠሩ ያውቁ ነበር። የመሣሪያ ሣጥኑን ጎተተች። መጀመሪያ ባትሪውን ነቀለች። ቀጥላ የነዳጁን ቱቦ ቆልፋ ፈታች፣ ሽቦዎቹን አንድ በአንድ አላቀቀች፣ የነዳጅ መስጫውን ገመድ አወጣች።

«ምን እያደረግሽ ነው?» አለ ወንድሟ፣ ገና ከመቀመጫው ሳይወርድ።

«ሞተሩ የኔ ነው። በአራት እሁድ ያገኘሁት ነው» አለች። «ገጣሚው አንተ ነህ ተብሏል። ሌላ ሞተር ፈልግና ግጠማ።»

እናቷ ጠጋ ብላ እንግዳ ፊት አታዋርጂን፣ ነገ እንነጋገራለን፣ ቤቱ አንድ ነው እያለች በሹክሹክታ ለመነቻት። ጉልቤ በጀርባዋ ተኝታ ማሽኑ ሥር ገባች። ፑሌጋውን ፈትታ አወጣችና መቀመጫው ላይ፣ ወንድሟ ዘሎ ከወረደበት ቦታ ላይ አስቀመጠችው፤ እሱ የማሽኑ ነው። ከቧንቧ የቆረጠችውን ቀለበት ኪሷ ከተተች። ቺንጊያውን መሪው ላይ ሰቀለች። አራቱን ብሎን ስትፈታ ከኩሽና የገነፈለ ሻይ ምድጃ ላይ ሲንጫጫ ይሰማል፣ እሱንም የሚያወጣ አልተገኘም። ሙሉ ቀን የፈጀው ሥራ በሃያ ደቂቃ ፈረሰ። ሜዳው ከእጇ እንደወጣ ታውቃለች። የዘንድሮ ብቻ ሳይሆን ለሁልጊዜው ሊሆን ይችላል፤ ዘበኛው ሌላ ሰው ገብቶ ሲያጭድ ያያል፣ ትንሽ ይገርመዋል፣ ከዚያ ይለምደዋል። ግን አላቆመችም።

ሞተሩን አቅፋ ስታነሳ አስተዳዳሪው አቃፊውን በብብቱ ይዞ ሊያግዛት ጎንበስ አለ። ይተዉት፣ ልብስዎ ይበላሻል አለችው። ጋሪው ላይ አስቀመጠችውና በገመድ አሰረችው። አስተዳዳሪው ከልቡ፣ ያለ አንዳች ተንኮል፣ እንግዲህ ሌላ ሞተር ቢመጣልዎት ገጥመው ለመጨረስ ስንት ቀን ይበቃዎታል ብሎ ወንድሟን ጠየቀው። ወንድሟ ባዶውን ብረት፣ አራቱን ቀዳዳዎች፣ የተንጠለጠሉትን ሽቦዎች አየ። ስልኩን ከኪሱ አወጣ፤ ምን እንደሚፈልግበት ግን እሱም የሚያውቅ አይመስልም።

ጉልቤ ጋሪውን እየገፋች መተላለፊያው አፍ ላይ ደረሰች። የት እንደምትወስደው ገና አላሰበችም። አባቷ እዚያው ተቀምጠዋል፤ የማይታዘዛቸው ግራ እግራቸው መንገዱን ዘግቶ ተዘርግቷል። ጋሪውን አቆመች። ተንበርክካ በየጠዋቱ እንደምታደርገው በሁለት እጇ እግራቸውን አነሳች፣ እንዳያማቸው ቀስ አድርጋ ወደ ግድግዳው አስጠጋችው፣ የወለቀ ነጠላ ጫማቸውንም መልሳ አጠለቀችላቸው። ደህናው እጃቸው ትከሻዋን ያዘ።

«ልጄ» አሉ።

«ልጅዎ ጓሮ ነው ያለው» አለችና እጃቸውን ከትከሻዋ አንስታ ጉልበታቸው ላይ አስቀመጠች። ከዚያ ጋሪውን ገፍታ ወጣች።